«እኔ ጋ ይታያል» የሚባለው ሰበብ ድምፅ እየቀበረ ነው

በስነ ልሳን ትምህርት ክፍሎች፣ በመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና በመማሪያ መጽሐፍ አርታኢዎች ዘንድ አንድ የተለመደ መልስ አለ። የተላከው ፋይል ሲከፈት በድምፅ ምልክቶቹ ቦታ ባዶ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ተደርድሮ ይገኛል። ተቀባዩ ደውሎ «አይነበብም» ይላል። ላኪው ሳያመነታ «እኔ ጋ ይታያል» ብሎ ይመልሳል። ፎንቱ በፍላሽ ይመጣል፣ ይጫናል፣ ሳጥኑ ይጠፋል፣ ሁሉም እፎይ ይላል።

እፎይታው ግን ሐሰት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር አልተለወጠም። ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ያንኑ የተሳሳተ ፊደል ነው፤ ፎንቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ጭምብል ማልበስ ብቻ ነው። ጭምብሉ በጠፋ ዕለት የዓመታት ሥራ አብሮ ይጠፋል።

ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ሀገር ይህ ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የትኛው ቋንቋ ተመዝግቦ ይቀራል፣ የትኛው ደግሞ «ተመዝግቧል» እየተባለ ይጠፋል የሚል ጥያቄ ነው። መፍትሔው ከተገኘ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ዋጋውም ነፃ ነው። የቀረው ስንፍናና ስንፍናውን ፈርሞ የሚያሳልፍ ተቋም ብቻ ነው።

▪️ ምልክቱ ለምን አስፈለገ?

ዓለም አቀፉ የፎነቲክ ማኅበር በ1886 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሲመሠረት መሥራቾቹ የቋንቋ አስተማሪዎች ነበሩ። ችግራቸውም ተጨባጭ ነበር። የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ከአነባበቡ ጋር ስለማይገጥም ተማሪው የተጻፈውን አይቶ ድምፁን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ድምፅ አንድ ምልክት የሚል ሐሳብ ያዙ። ያ ፊደል ዛሬ ከ100 በላይ ፊደላት አሉት፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን የሚጨመሩ ብዙ ጭረቶችና ነጥቦችም አሉት። የትኛውም ቋንቋ ቢሆን ድምፁ ሰምቶት በማያውቅ ሰው ፊት በወረቀት ላይ እንዲቆም የተሠራ መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «ፊደላችን ራሱ እንደሚነበበው የሚጻፍ ነው፤ የፈረንጅ ምልክት ምን ያደርግልናል?»

ኩራቱ ተገቢ ነው፤ ክርክሩ ግን አይቆምም። «ገና» የሚለውን ቃል ብቻውን የተጻፈ ያየ ሰው በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው ሊያውቅ አይችልም። «ዋና» ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ ነው፤ አንዱ አለቃ ነው፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ነው። «አለ» ቤት ውስጥ መኖርም ነው፣ መናገርም ነው። «ይመታል» የሚለው መቺውንም ተመቺውንም ሊሆን ይችላል። አማርኛ በእናቱ ቋንቋ የሚናገር ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። አማርኛ የሚማር ልጅ፣ የውጭ ሀገር ተማሪ፣ ጽሑፍ አንባቢ ማሽን ግን ከየት ይረዳዋል? ሳድስስ? አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ ፊደሉ ምንም አይነግርም።

ይህን ክፍተት ያዩት ፈረንጆች ብቻ አይደሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። ፊደሉን የሚያከብር ሰው ፊደሉ የጎደለውንም ያውቃል። ያ ሐሳብ ልማድ ሳይሆን ቀረ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ለመጥበቅ ምልክት የሚሆኑ ሁለት ነጥቦችን ከግዕዝ ፊደላት ጋር መዝግቧል። ዛሬ ስንት የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይጠቀምበታል? ስንት የቁልፍ ሰሌዳ ላይስ ይገኛል? ቦታ ተሰጥቶታል፤ የሚያስቀምጠው ሰው ግን የለም።

▪️ ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ነው

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሰው «ሸ»ን በመልኳ ያውቃታል። ኮምፒውተር ግን መልክ አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ፎንት ማለት ደግሞ «ይህ ቁጥር ሲመጣ ይህን ሥዕል ሣል» የሚል የሥዕል ደብተር ነው። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ፎንት ቢቀየርም ፊደሉ ያው ፊደል ነው። ቁጥሩ የሌላ ፊደል ከሆነ ግን የሥዕሉ ማማር ምንም አያድነውም።

ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ብዙው ደግሞ አስቀድሞ በላቲን ፊደል የተያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላው፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር አይገባም። ስለዚህ የያኔዎቹ ባለሙያዎች የላቲኑን ቦታ ወስደው በላዩ ላይ የግዕዝ ሥዕል ሣሉ። ገሚሱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ገሚሱ ቁርጥራጭ ጭረቶችን እየገጣጠመ ሠራው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ሠንጠረዥ አወጣ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ የሆነው ለዚህ ነው። በ1990ዎቹ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

የፎነቲክ ምልክቶችም በዚያው መንገድ አለፉ። የ«ሽ»ን ድምፅ የምታመለክተው ረጅም ጎባጣ ምልክት በትልቋ ኤስ ቦታ ትሣላለች፤ ጅራታሟ ኤን በትልቋ ኤን ቦታ ትገባለች። ፎንቱ እስካለ ድረስ ገጹ ያምራል። ፎንቱ ሲጠፋ ግን የባሰው ነገር ይመጣል፦ ሳጥን እንኳ አይታይም። ተራ ኤስ ናት የምትታየው። አንባቢው ስህተት መኖሩን ሳያውቅ «ሽ»ን «ስ» ብሎ አንብቦ ያልፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የተሰበረ የሚመስል ፋይል ያስጠነቅቃል፤ ጤነኛ የሚመስለው ግን ያታልላል።

ለዚያ ዘመን ሰዎች ፍርድ ይገባቸዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ከነሱም መካከል ችግሩን በግልጽ የፈቱት ነበሩ። የአውሮፓ የፎነቲክስ ምሁራን በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳምፓ የተባለውን ሥርዓት አወጡ፤ እያንዳንዱን የፎነቲክ ምልክት በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚገኝ ተራ ቁልፍ የሚተካ ሠንጠረዥ ነው። የለንደኑ ጆን ዌልስ በ1995 እ.ኤ.አ. አስፋፍተውት ለሁሉም ቋንቋ እንዲያገለግል አደረጉት። ኢትዮጵያውያንም ያንኑ ብልሃት ሠርተዋል። በ1990ዎቹ የወጣው «ሴራ» የሚባለው ሥርዓት ግዕዝን በላቲን ቁልፎች ይወክላል፤ ትንሿ ቲ «ተ»ን፣ ትልቋ ቲ «ጠ»ን ታስይዛለች። ዛሬ ሚሊዮኖች «ፎነቲክ» እያሉ በስልካቸው የሚጽፉበት አጻጻፍ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሳምፓም ሴራም «ይህ የዚህ ምትክ ነው» ብለው ሠንጠረዣቸውን በአደባባይ አውጥተዋል። ስለዚህ በነሱ የተጻፈ ነገር ዛሬም ወደ ትክክለኛው ፊደል ይመለሳል። ጭምብል አልባሹ ፎንት ግን ሠንጠረዡን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሞተው።

▪️ ሰበቡ ያለቀው መቼ ነው?

ዩኒኮድ የመጀመሪያ እትሙን በ1991 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የፎነቲክ ፊደላት የራሳቸው ቦታ ነበራቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ገባ፤ በኋላም ለጉራጌኛና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ ነው። ዱሎስ፣ ቻሪስና ጀንቲየም የተባሉት ፎንቶች የፎነቲክ ምልክቶችን፣ ተደራራቢ ጭረቶችን ጨምሮ፣ በትክክል ያሳያሉ፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው። ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ሶፍትዌር ለፎነቲክ ፊደልም ለግዕዝም ሰሌዳ አለው፤ እሱም ነፃ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በአሮጌ ፎንት የድምፅ ምልክት የሚጽፍ ሰው ተቸግሮ አይደለም። ከአማካሪው የወረሰውን ፋይል ገልብጦ፣ አማካሪውም ከአማካሪው ወርሶ ነው። ልማድ እንደ ርስት እየተላለፈ ነው።

▪️ «ፒዲኤፍ አድርገነዋል»

ይህ ሁለተኛው ሰበብ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ገጹ በየትኛውም ማሽን ያምራል። ሰው ያነበዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ ዓይን ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ፈላጊ ሞተር ያነባል፣ የትርጉም ሶፍትዌር ያነባል፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ ወደ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ ያነባል። እነዚህ ሁሉ የሚያነቡት ሥዕሉን ሳይሆን ሥሩ ያለውን ቁጥር ነው። በአሮጌ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍ ለነሱ የዝብርቅርቅ ክምር ነው። ምልክቶቹን ፎቶ አንስቶ በሰንጠረዥ መሃል የሚለጥፍም አለ፤ እሱማ ጭራሽ ፊደል መጻፉን ትቶ ሥዕል ሰቅሏል።

ማንም ሰው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ከሰነዱ ላይ የድምፅ ምልክት ያለበትን አንድ ቃል ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ መለጠፍና ለጓደኛ መላክ። ቃሉ ሳይለወጥ ከደረሰ የተጻፈው ፊደል ነው። ተለውጦ ከደረሰ የተጻፈው ጭምብል ነው። ፈተናው የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው፤ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ያልፈዋል?

▪️ «ያው ይመሳሰላል»

ሦስተኛው ሰበብ ረቂቅ ነው፤ ዩኒኮድ የሚጠቀሙትንም ይይዛል። አራት ነጥብን ሁለት ኮሎን ደርድሮ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን «።» አንድ ነገር ነው፣ «::» ሌላ ነገር ነው።

በድምፅ ምልክቶች ዘንድ ይህ ልማድ ቃል ይሰብራል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። የፎነቲክ ፊደል ይህን የሚያሳየው ከፊደሉ ቀጥላ በምትመጣ ትንሽ ጭረት ነው። ያቺ ጭረት በዩኒኮድ የራሷ ቁጥር አላት፤ ኮምፒውተሩም እንደ ፊደል ይቆጥራታል። ጸሐፊው ግን ቅርብ ያገኘውን የጥቅስ ምልክት ይጫናል። ሶፍትዌሩ ያንን ጥቅስ ነው ብሎ ያጎብጠዋል፤ ቃሉንም እዚያው ላይ ለሁለት ይቆርጠዋል። ርዝመት የምታመለክተው ምልክትም እንዲሁ በኮሎን ትተካለች።

የተገለበጠችው ኢ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ሽዋ የምትባለው ይህች ምልክት በዩኒኮድ መንታ አላት፦ መልካቸው አንድ፣ ቁጥራቸው ሁለት። አንዱ ተመራማሪ በአንደኛዋ፣ ሌላው በሁለተኛዋ ከጻፈ የአንዱን ሥራ የሚፈልግ የሌላውን አያገኝም። በዚያ ላይ የምታመለክተው ድምፅ ራሱ አንድ አይደለም። ዎልፍ ሌስላውን የሚከተለው የኢትዮጵያ ጥናት ወግ ሽዋን ለሳድስ ይጠቀምባታል፤ ዓለም አቀፉን የፎነቲክ ፊደል የሚከተሉ ብዙዎች ደግሞ ለግዕዝ፣ ማለትም ለመጀመሪያው ድምፅ። የትኛውን ሥርዓት እንደተከተለ ያላስታወቀ ጽሑፍ ላይ «ለ» ይሁን «ል» መለየት አይቻልም። ፎንቱ ትክክል ሆኖ እንኳ።

ይህ የምሁራን ቤት ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ አፋን ኦሮሞን ይመልከት። በቁቤ አጻጻፍ «ሁዻ» የምትባለው ጭረት ጌጥ አይደለችም፤ ድምፅ ናት። «ሃርአ» ማለትም «ዛሬ» የሚለው ቃል ያለሷ አይጻፍም። ሚሊዮኖች በየዕለቱ የሚጽፏት በጥቅስ ምልክት ቁልፍ ነው። አንዱ ስልክ ቀጥ ያደርጋታል፣ ሌላው ያጎብጣታል፣ ሌላው ቃሉን ይከፍለዋል። አንድ ቃል በሦስት መልክ ተመዝግቦ ሲገኝ መዝገብ ፈላጊው ሲቪል ሰርቫንትም፣ ስሙን የሚያስመዘግበው ባለ ጉዳይም የሚጉላሉት በዚህ ነው።

▪️ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ትልቁ ቋንቋ ይተርፋል። አማርኛ ላይ የተሳሳተ ምልክት ቢገባ የሚያርመው ሰው ሞልቷል። ዋጋውን የሚከፍለው ትንሹ ቋንቋ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚነገረው ቤንችኛ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች አሉት። አንድ ዓይነት አናባቢና ተነባቢ ያለው ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። ዓለም አቀፉ የፎነቲክ ፊደል አምስት የከፍታ ምልክቶች አሉት፤ ቤንችኛ አምስቱንም ይጠይቃል። ምልክቶቹ ተደራርበው ሲወድቁ፣ ከፊደሉ አናት ተንሸራተው አጠገቡ ሲቀመጡ ወይም ጭራሽ ሲጠፉ፣ የጠፋው ቃሉ ራሱ ነው።

ኦንጎታ ደግሞ አለ። በወይጦ ወንዝ ዳር የሚኖሩት የዚህ ሕዝብ ልጆች ወደ ጎረቤት ቋንቋ ዞረው፣ ቋንቋውን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ብቻ ቀርተው ነበር። እንዲህ ባለ ቋንቋ ከአንድ ሽማግሌ አፍ የተሰበሰበ የቃላት ዝርዝር ፎንቱ ጠፍቶ ቢበላሽ፣ «እንደገና ልጠይቅ» ማለት አይቻልም። የሚጠየቀው ሰው የለማ።

የጋፋት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. በዓባይ አካባቢ ሲያፈላልጉ ጋፋትኛ መናገር የሚችሉ አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። የሰሙትን በትክክለኛ ምልክት በወረቀት ላይ አሰፈሩ፤ ሰዋስዉ በ1956 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቋንቋው ዛሬ የለም። ድምፁ ግን በመጽሐፉ ገጽ ላይ አለ፤ የከፈተው ያነበዋል። ወረቀት ይቀደዳል፣ ይቃጠላል፤ «ሽ»ን ሰርቆ በ«ስ» አይለውጥም። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ይዘው ወደ ገጠር የወጡት ከሌስላው ያነሰ ዋስትና ያለው መዝገብ ትተው ከሄዱ፣ መሣሪያው ተሻሽሎ ሥራው ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው በጀት አይደለም። አራት ነገሮች ናቸው።

1. ዩኒቨርሲቲዎች በዩኒኮድ ያልተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ አይቀበሉ። ገጽ ስፋትና የመስመር ርቀት በሚሊሜትር የሚለካ መመሪያ ያለው ተቋም ፊደሉ ፊደል መሆኑን የማይጠይቅበት ምክንያት የለም። ከፒዲኤፉ ጋር የተጻፈበት ዋናው ሰነድ አብሮ ይግባ፤ የኮፒ ፈተናውም በዋናው ሰነድ ላይ ይደረግ።

2. የድምፅ ምልክት የሚጠቀም ማንኛውም መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላትና የመማሪያ መጽሐፍ በመግቢያው ላይ የተከተለውን ሥርዓት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያስታውቅ። ሽዋ ለሳድስ ነው ወይስ ለግዕዝ? አንባቢ መገመት የለበትም።

3. በአሮጌ ፎንት የተጻፉት ፋይሎች አሁኑኑ ይቀየሩ። ሠንጠረዦቹን የሚያውቁት ሰዎች በጡረታ ላይ ናቸው፤ ፎንቶቹ ያሉት በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እስኪቀየሩ ድረስም ፎንቱ ከፋይሉ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጥ እንጂ ኮምፒውተሩ ሲወገድ አብሮ አይጣል።

4. የቁልፍ ሰሌዳ አጠቃቀም በመጀመሪያው የፎነቲክስ ኮርስ ውስጥ ይግባ። ተማሪው ምልክቱን በሰሌዳ ላይ በጠመኔ መሣልን ይማራል፤ በኮምፒውተር መጻፍን ግን ከጓደኛው ይለምናል። ነፃው ሰሌዳ በአንድ ከሰዓት የላብራቶሪ ልምምድ ይለመዳል።

ለአማርኛ የስልክና የኮምፒውተር ሰሌዳ ሠሪዎችም አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ የመጥበቅ ምልክቷን አንድ ቁልፍ ስጧት። በየመልእክቱ የሚጠቀምባት አይኖርም። የልጆች መጽሐፍ የሚያዘጋጅ፣ መዝገበ ቃላት የሚሠራ፣ ማሽን አማርኛ እንዲያነብ የሚያሠለጥን ሰው ግን የሚፈልጋት እሷን ነው። ዛሬ «ገና»ን አሳስቶ የሚያነብ ማሽን የሚወቀሰው ሳያስፈልግ ነው፤ ማንም አልነገረውም።

በየዓመቱ መጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፎች ተጠርዘው፣ ተፈርመው፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። በነዚያ ገጾች ውስጥ ያለው ድምፅ የተመራማሪው ንብረት አይደለም፤ ተቀምጠው ቃል በቃል የነገሩት የገጠር ሰዎች ነው። ፈራሚው አማካሪ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት አንዱን ቃል ኮፒ አድርጎ ወደ ሌላ ስልክ ይላከው። ካልደረሰ አይፈርም።